የሐኪም ድካም በማን ሚዛን ይለካ?

የሥራ ዋጋ በምን ይለካል? ሚዛኑንስ የሚይዘው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ከፋብሪካና ከእርሻ አልፎ በሕክምናውም መስክ አንገብጋቢ መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ለዚህም ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ አረጋውያን የሕክምና መድን ጉልህ ምሳሌ ይሆነናል።

እንደሚታወቀው ሜዲኬር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በሕግ ሲቋቋም፣ ክፍያው የተመሠረተው ሐኪሞች ራሳቸው በለመዱት የዋጋ ተመን ላይ ነበር። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ ውድ የነበረው ውድ ሆኖ ቀረ፤ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ከፍ ሲል፣ በሽተኛውን አዳምጦና መርምሮ የሚመክረው ሐኪም ድካም ዝቅ ብሎ ተገመተ።

ይህንኑ መዛባት ለማረም በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዊልያም ሺያዎ መሪነት የተካሄደው ጥናት በ1988 ይፋ ሆነ፤ በ1989 ሕግ ወጣ፤ ከ1992 መግቢያ ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ አገልግሎት በሦስት ወገን ነጥብ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ለሐኪሙ ሥራ፣ ለክሊኒኩ ወጪና ለሙያ ስሕተት መድን ነው። ሥራው የሚመዘነው በወሰደው ጊዜ፣ በጠየቀው ጥበብና ጉልበት፣ በአእምሮ ድካምና በኃላፊነቱ ጭንቀት ነው። ነጥቦቹ እንደየአካባቢው ወጪ ተስተካክለው ከተደመሩ በኋላ፣ በየዓመቱ በሚወሰነው የዶላር ማባዣ ሲባዙ ክፍያው ይገኛል።

ሚዛኑ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ያዡ ማን ነው? የሥራውን ነጥብ ገምቶ ለመንግሥት የሚያቀርበው በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር በ1991 የተቋቋመው ኮሚቴ ሲሆን፣ አብዛኛው መቀመጫ በስፔሻሊስቶች የተያዘ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የመንግሥት ቢሆንም፣ ከሚቀርብለት ሐሳብ አብዛኛውን ሲቀበል ኖሯል።

ይህ ብቻ አይደለም። የነጥብ ለውጥ ጠቅላላውን ወጪ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳያንር ሕጉ ስለሚያግድ፣ የአንዱ ማደግ የሌላው መቀነስ ይሆናል። በ2021 የአንድ የተለመደ የክሊኒክ ምርመራ የሥራ ነጥብ ከ0.97 ወደ 1.30 ሲያድግ፣ የሁሉም ማባዣ ዝቅ ማለቱ ይህንኑ ያረጋግጣል።

የግምቱ ዳፋ የሚያርፈው በታካሚው ላይ ነው። ከጸደቀው ዋጋ በተለምዶ 20 በመቶውን የሚከፍለው እርሱ ነውና። በመሆኑም ሻጩ ብቻ በያዘው ሚዛን ፍትሕ ሊገኝ አይችልም። የሐኪሙ ዕውቀት ለግምቱ የግድ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ከፋዩና ታካሚው በማይቀመጡበት ሸንጎ የሚሰጥ ፍርድ ሙሉ አይሆንም እንላለን። በአገራችንም ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ የሚከፍል ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ከወዲሁ ሊያነሣው ይገባል።