የባልሽን ገቢ ማን ጠየቀሽ?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ማንም ሳያነበው እንደ ሕግ የሚጠቀስ ነገር አለ፤ ባሏ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሴት «አንኢምፕሎይመንት» (የሥራ አጥነት መድን ክፍያ) አይገባትም ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ ይነገራል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገራል፤ ይባስ ብሎ ታክስ የሚሞላው ሰውዬ ዘንድም ይነገራል። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ያጣች ሴት ማመልከቻውን ገና ሳትከፍተው «ባልሽ እኮ ኡበር ይነዳል»፣ «ባልሽ እኮ ሱቅ አለው» ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ይህ ስሕተት ነው፤ እንደ ቀላል ስሕተትም የሚታለፍ አይደለም። መድንን ከምጽዋት ያምታታል፤ ከዚያም አልፎ የሴቲቱን የሥራ ታሪክ በባሏ ኪስ ሥር ይደብቃል።

የአሜሪካ የሥራ አጥነት መድን እ.ኤ.አ. በ1935 ከሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ጋር የተወለደ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው አሠሪዎች ከሚከፍሉት ግብር ነው፤ የፌዴራሉ ድርሻ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ዓመታዊ ደመወዝ የመጀመሪያ 7,000 ዶላር ላይ ይሰላል፣ ስቴቶችም የየራሳቸውን ያስከፍላሉ። ክፍያው የሚለካው ሠራተኛዋ ራሷ ባገኘችው ደመወዝ ነው። የዕድር ዳኛ ድንኳን ከማስተከሉ በፊት የሟች ወንድም ሀብታም መሆን አለመሆኑን አያጣራም፤ መዋጮው መከፈሉን መዝገብ ላይ አይቶ ያልፋል። ስቴቱም የሚያየው መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ የስንብት ክፍያን ሲያሰላ እንኳ ከአገልግሎት ዘመንና ከደመወዝ ይነሣል እንጂ የትዳር ጓደኛን ገቢ አይጠይቅም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ያገባች ተማሪ ለትምህርት ዕርዳታ በየዓመቱ ፋፍሳ ስትሞላ የባሏን ገቢ ታስገባለች። ሜዲኬድም ሆነ ፉድ ስታምፕ ስትጠይቅ ባልየው የግል ሥራ ካለው የተጣራ ትርፉ ይታያል። አራት ዓመት እንዲህ የለመደች ሴት ሁሉም ቢሮ አንድ ዓይነት ቢመስላት አይፈረድባትም። ፍራንክፈርት ያለች እህቷ የምትነግራት ደግሞ ለጀርመን እውነት ነው። እዚያ የመድኑን ክፍያ ለማግኘት በመደበኛው ደንብ ባለፉት 30 ወራት ውስጥ ቢያንስ የ12 ወር መዋጮ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላሟላች ምሩቅ ወደ መሠረታዊው የመንግሥት ድጎማ ትላካለች። ድጎማው ባልና ሚስትን እንደ አንድ ቤት ይቆጥራል፤ የግል ሥራ ያለው ባልም የሚቀጥሉትን ስድስት ወራት ገቢና ወጪ ገምቶ ቅጽ ይሞላል። በመጨረሻም የ2020ው ወረርሽኝ አለ። በዚያ ዓመት ኮንግረስ የታክሲና የኡበር ነጂዎችን፣ ባለሱቆችንም ጭምር የሚያካትት ጊዜያዊ ክፍያ ፈቀደ፤ ቅጹም የግል ሥራን ትርፍ ይጠይቅ ነበር። ያ ፕሮግራም መስከረም 2021 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል። ወሬው ግን አልተዘጋም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሴት ግንቦት 2025 በአካውንቲንግ ተመረቀች እንበል። ባሏ በራሱ ስም የሚያንቀሳቅሰው፣ በርበሬና እንጀራ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። እሷ እየተማረች ሦስት ቦታ ሠርታለች፤ በኮሌጇ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ በባሏ ሱቅ በደመወዝ፣ ማታ ማታ ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በሰዓት 16 ዶላር። ሦስቱም ደብልዩ-2 የተባለውን የዓመቱን የደመወዝ መግለጫ ሰጥተዋታል። ሰኔ ላይ መጦሪያው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች።

ማመልከቻውን ስትከፍት የምትጠየቀው ባለፉት 18 ወራት የት የት እንደ ሠራች፣ መቼ ጀምራ መቼ እንዳቆመች፣ ለምን እንዳቆመች ነው። ዜጋ ካልሆነች የሥራ ፈቃድ ቁጥሯን ትሰጣለች። ልጅ ካላት በሳምንት ለአንድ ልጅ 8 ዶላር፣ እስከ አምስት ልጅ ድረስ፣ ሊታከልላት ይችላል። የባሏ ሱቅ ምን እንዳተረፈ ግን አትጠየቅም።

ቀጥሎ መዝገቡ ይገለጣል። የቤተ መጻሕፍቱ ደመወዝ አይቆጠርም፤ ተማሪ ለሚማርበት ኮሌጅ የሚሠራው ሥራ ከዚህ መድን ውጭ ነው። የመጦሪያው ግን ሳንቲም ሳይቀር ይቆጠራል። በሰኔ ካመለከተች በመደበኛው ስሌት የሚታየው የ2024 ዓመት በሙሉ ነው፤ ሕጉ ከተጠናቀቁት የመጨረሻ አምስት ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹን አራቱን ይወስዳልና። በሩብ ዓመት 4,160 ዶላር አግኝታለች። ሜሪላንድ ከፍተኛውን ሩብ ዓመት ለ24 ስለሚያካፍል በሳምንት 173 ዶላር ገደማ ይደርሳታል። ሥራ ካላገኘች እስከ 26 ሳምንት ይቀጥላል፤ በድምሩ ወደ 4,500 ዶላር ነው፤ የገቢ ግብር ይከፈልበታል።

የባሏ ሱቅስ? እዚህ ላይ ነው የሰፈሩ ሕግ ሙሉ በሙሉ የሚገለበጠው። ሱቁ ቢያተርፍም ቢከስርም የመጦሪያውን 173 ዶላር አይነካውም። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ከቆመችበት ባንኮኒ ያገኘችው ደመወዝ ከነጭራሹ አይቆጠርላትም። የፌዴራሉ የሥራ አጥነት ግብር ሕግ ሚስት ለባሏ፣ ባልም ለሚስቱ ተቀጥረው የሚሠሩትን ከግብሩ ነፃ ያደርጋል፤ እንዲህ ነፃ የተደረገ ሥራ ደግሞ መድን የለውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለባሏ ብቻ የሠራች ሴት፣ ደብልዩ-2 በእጇ ይዛ፣ ባዶ መዝገብ ታገኛለች። ያው ሱቅ ኮርፖሬሽን ሆኖ ቢቋቋም ኖሮ አሠሪዋ በሕግ ዓይን ድርጅቱ እንጂ ባሏ ስለማይሆን ይህ ነፃነት አይሠራም ነበር። ስለዚህ የባል ሥራ ለውጥ የሚያመጣው በትርፉ ሳይሆን በንግድ ምዝገባው ወረቀት ነው። ይህን ደግሞ ካፌ ውስጥ የሚያነሣው የለም።

ከማመልከቻው በኋላም ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። በየሳምንቱ ሥራ መፈለጓን ታሳውቃለች፤ ሜሪላንድ በሳምንት ቢያንስ ሦስት እንቅስቃሴ ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ባሏ ሱቅ የምትቆም ከሆነ፣ ያለ ደመወዝም ቢሆን፣ ለሌላ ሥራ ዝግጁ መሆኗ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እዚህም የሚጠየቀው የእሷ ጊዜ እንጂ የእሱ ገንዘብ አይደለም።

ሌላው ማስፈራሪያ «ግሪን ካርድሽ ላይ ይመጣብሻል» የሚለው ነው። በጥብቅነቱ ብዙ ያነጋገረው የ2019ኙ የኢሚግሬሽን «የሕዝብ ሸክም» ደንብ እንኳ የሥራ አጥነት መድንን ከሸክም አልቆጠረውም፤ በሥራ የተገኘ ነውና። አይ-864 የተባለውን የድጋፍ ዋስትና ቅጽ ፈርሞ ያመጣት ዘመድም በዚህ አይጠየቅም፤ ያ ፊርማ የሚያስጠይቀው በገቢ እየተለካ በሚሰጥ ዕርዳታ ነው።

«የናጠጠ ነጋዴ ሚስት እየተከፈላት፣ ሥራ ይዞ የማያውቅ ድኻ ምሩቅ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ይህ ምን ፍትሕ ነው?» የሚሉ አሉ። ዲግሪ ደመወዝ አይደለም፤ ሥራ ያልሠራ ሰው ከዚህ ቋት የሚያወጣው የለም። ቅሬታው ለዕርዳታ ፕሮግራሞች ይቅረብ። «ስቴት ከስቴት ይለያያል» የሚሉም አሉ። አዎ፣ መጠኑ ይለያያል፤ ያለ ልጅ አበል የሜሪላንድ ጣሪያ በሳምንት 430 ዶላር፣ የዲሲ 444፣ የፍሎሪዳ 275 ሆኖ ቆይቷል። ኢሊኖይ ደግሞ ስለ ትዳር ጓደኛ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን ሥራ ለሌለው ባል ወይም ለሌላት ሚስት አበል ለመጨመር ነው።

ታክስ የሚሞሉት ባለሙያዎችም ሆኑ የማኅበረሰብ ማዕከላቱ ከዚህ በኋላ ስለ ባል መጠየቅ ማቆም አለባቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው ዓመት ተኩል የት ሠራሽ?» ይሁን፤ ሁለተኛው «ለምን አቆምሽ?»፤ በገዛ ፈቃዷ የለቀቀች ሴት መልሷ ሌላ ነውና። የቤተሰብ ሱቅ ያላቸውም ሚስት ስትቀጠር የንግዱን ምዝገባ አብረው ያስተካክሉ። ሕጉ ያልከለከላቸውን ክፍያ ጎረቤት እየከለከላቸው የሚቀሩት ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ክፍያው በመሠረቱ ካመለከቱበት ሳምንት ጀምሮ እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ አይታሰብም፤ ከላይ ያየናት ምሩቅ ሰው ስታማክር ስድስት ሳምንት ብታሳልፍና በሰባተኛው ሥራ ብታገኝ፣ ከ1,000 ዶላር በላይ በወሬ አጥታለች ማለት ነው።