ነቅሎ መተው

ዛሬ ዛሬ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ በሚጓዝ ታክሲ ውስጥ የጥርስ ሽቦ ያሰረ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ደስ ይለኛል። ቅር የሚያሰኘኝ ሌላ ነው። ጥርስ መንቀል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ የተነቀለበትን ቦታ በሽቦ መዝጋት ግን አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እኛ የጠዋቱን እንከፍልና ዓመቱን እንረሳዋለን።

የጎረቤቴ ልጅ ጥርሶቿ ተደራርበው ስለበቀሉ በ14 ዓመቷ ከክራንቻዋ ቀጥሎ ያሉት ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም ተነቀሉላት። ይህ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሕክምና ነው። ለተደራረቡት ቦታ ይገኛል፤ የተረፈውን ክፍተት ሽቦው በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሳበ ይዘጋዋል። የእሷ ግን መሀል ላይ ቆመ። የየወሩ ክፍያ ከበደ፣ ቀጠሮ ተዘለለ፣ በመጨረሻም ሽቦው ወለቀ። ላይኛው መንጋጋዋ ላይ ግራና ቀኝ ክፍተት ቀረ። ፍንጭት ከፊት ሲሆን ያስሞግሳል፤ ከክራንቻ ኋላ ሲሆን የሥጋ መሰግሰጊያ ነው።

እናቷ ስለ ኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ በብሎን መልክ ስለሚተከለው ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ሰምታለች። «ጋሼ፣ ብሎኑን ቢተክሉላት አይገላግለንም?» አለችኝ። ራጁን ይዛ ስለነበር መስኮቱ ላይ አስደግፈን አየነው። ከድድ በላይ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ከሥር ግን የሁለቱ ጎረቤት ጥርሶች ሥሮች ዘንበል ብለው ሊነካኩ ደርሰዋል። 3.5 ሚሊ ሜትር የምትወፍር ብሎን በግራም በቀኝም 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ትፈልጋለች፤ በድምሩ 6.5። እዚያ ከየት ይምጣ? አጥንቱም ቢሆን ጥርስ ከተነቀለበት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የስፋቱን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል።

የኢምፕላንትን መንገድ የከፈተው ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው የታይታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልነቀል አለው፤ በ1965 በዚሁ መንገድ የመጀመሪያውን ሰው አከመ። ችግሩም ያው አልነቀል ባይነቱ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ በሽቦ ይገፋል፤ ኢምፕላንት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሽቦው ይቀድማል። እያደገች ላለች ልጅ ከተተከለላት ደግሞ መንጋጋዋ ሌሎቹን ጥርሶች ይዞ ሲያድግ እሱ ባለበት ይቀርና ወደ ድዷ የሰመጠ ይመስላል።

ዋጋውም አለ። ብሎኗ ከውጭ የምትመጣ ናት፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ የት እንደደረሰ ለአንባቢ አልነግርም። የሽቦ ወርሃዊ ክፍያ የከበዳት እናት ይህን በምን ትችለዋለች?

ጉጠት የሚያነሳ ሐኪም ለወላጅ አስቀድሞ ይንገር፤ ክፍተቱ በስንት ወር፣ በስንት ብር እንደሚዘጋ፣ ክፍያው ቢቋረጥ ምን እንደሚከተል። በወረቀት ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ወላጅም ገንዘቡ እስኪሞላለት ቢጠብቅ ምንም አይደለም፤ የተደራረበ ጥርስ ማንንም አልገደለም።

ልጅቷ አሁን 17 ዓመቷ ነው። ሌላ ቦታ እንደገና ሽቦ ታስሮላታል፤ ሥሮቹ ቀና ብለው ክፍተቱ ከተዘጋ ኢምፕላንት ጭራሽ አያስፈልጋትም ተብላለች። እናቷ በዚህኛው ዙር ልጇን ወንበሩ ላይ ከማስቀመጧ በፊት የጠየቀችው የወር ክፍያው እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ነበር።