ወይን ለማክሰኞ እራት

ወይን ከሠርግና ከልደት ውጭ ቦታ የሌለው መጠጥ ሆኖብን ቆይቷል። በዚህ እትም ጠርሙሱን ሽሮ የሚንተከተክበት ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል። የወሩን አስቤዛ እንዳያናጋም በአብዛኛው የመረጥነው የአገር ውስጡን ነው፤ የአዋሽን ጉደርና አክሱማይት፣ ከባቱ፣ ከቀድሞዋ ዝዋይ፣ የሚመጡትን አካሺያና ሪፍት ቫሊ።

ዋናው ፈተና በርበሬ ነው። አልኮሉ በርከት ያለና አፍ የሚያደርቅ ቀይ ወይን የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ ጣፋጭነት ያለው ግን ያበርደዋል። ቀይ ወጥ በቀረበበት ምሽት ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ያለውን አካሺያ ያስቀደምነው ለዚህ ነው። «ጣፋጭ ወይን የጀማሪ ነው» የሚሉ ወዳጆቻችን ይቅር ይበሉን። የጥብስ ቅጠል ጣል የተደረገበት፣ ስብ ያለው ጥብስ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስቡ የወይኑን ማድረቅ ስለሚያለዝበው ሲራህ የሚባለው አፍ የሚያደርቅ ቀይ ወይን ቦታው እዚህ ነው። ፓስታ በስጎ ከሆነስ? ጉደር፣ ያለ ብዙ ክርክር።

አንድ አደራ፦ ጠርሙሱን ከምድጃ አጠገብ አያቁሙት። ቀይም ቢሆን ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ቢያቆዩት የአልኮሉ ሽታ ቀድሞ አፍንጫ አይመታም። የተረፈውን ከድነው እዚያው ቢመልሱት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ወይን በኮካ ስለሚቀላቅሉት ሰዎችም በውስጥ ገጾች ጽፈናል። በዚህ ጉዳይ የዝግጅት ክፍሉ እስካሁን አልተስማማም።