የናቁትን መጽሐፍ ስለ ማንበብ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምግብ የሚያማርጥ ሰው ቅንጡ ይባላል፤ ልብስ የሚያማርጥ ሰው ሽቅርቅር ይባላል፤ መጽሐፍ የሚያማርጥ ሰው ግን ዐዋቂ ይባላል። እኔም አርባ ዓመት ያህል በዚህ ስም ስጠራ ኖሬአለሁ። ታሪክ አነብ ነበር፤ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት አነብ ነበር፤ ምክርና ተግሣጽ አነብ ነበር። የፍቅር ታሪክ የያዘ ሰው ሳይ ሥራ ፈት ነው እል ነበር፤ የሚያስፈራ ታሪክ የያዘ ሰው ሳይ ደግሞ አእምሮው ያልበሰለ ነው እል ነበር። ዛሬ በስድሳዎቹ ዕድሜዬ ብዕር የማነሣው ያ ሁሉ ዕውቀት ሳይሆን ትዕቢት እንደ ነበረ ለመመስከር ነው፤ እኔ በተነሣሁበት ወንበር ላይ ዛሬም ተደላድለው የተቀመጡትን ለመሟገትም ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣብኝ ዐውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ማንበብንም፥ ሰዓት ማክበርንም፥ ቃል መጠበቅንም ያስተማረኝ እርሱ ስለ ሆነ በምስጋና እንጂ በወቀሳ ላነሣው አልወድም። ነገር ግን የመጻሕፍቱ ቁም ሣጥን በቁልፍ የሚዘጋ ነበር፤ አንድ መምህራችንም «ልብ ወለድ ማለት በሥርዐት የተጻፈ ውሸት ነው» ይሉን ነበር። እኚሁ መምህር ግን በ1678 በአውሮፓ አቈጣጠር የታተመውን የጆን በንያንን የመንገደኛ መጽሐፍ እንድናነብ ያዝዙን ነበር። ያም መጽሐፍ ልብ ወለድ ነው። በውስጡ አጶልዮን የሚባል ቅርፊትና ክንፍ ያለው አውሬ በመንገደኛው ላይ የሚንበለበል ፍላጻ ይወረውራል፤ ተስፋ መቍረጥ የሚባል ግዙፍ ሰውም መንገደኞችን በጨለማ እስር ቤት ዘግቶ ይደበድባል። ማታ መብራት ሲጠፋ እኛ ልጆች ያን እያሰብን ብርድ ልብሱን እስከ ራሳችን እንስብ ነበር። የሚያስፈራ ታሪክ እያነበብን ነበር፤ ስሙን የነገረን ስላልነበረ ግን አላወቅነውም።

በኋላ እኔም መምህር ሆኜ በቂርቆስ ሰፈር አስተማርሁ። በ1986 ዓ.ም. አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ሰዓት ከዴስክ ሥር የፍቅር መጽሐፍ ስታነብ ያዝኋት። ሽፋኑ የተገነጠለ፥ ጠርዙ ከብዙ እጅ የጠቈረ፥ ከሰፈር ሱቅ የተከራየችው መጽሐፍ ነበር። በዚያ ዘመን በየሰፈሩ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች እንደ ነበሩ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ መያዣ ታስይዛላችሁ፥ አንዱን ስትመልሱ ሌላውን ትወስዳላችሁ። ልጅቱን በክፍሉ ፊት አስቆምኋት። «እንዲህ ያለ ነገር የምታነብ ልጅ መጨረሻዋ አያምርም» አልኋት፤ ልጆቹም ሳቁባት። መጽሐፉን ነጥቄ በመሳቢያዬ ቈለፍሁበት። መልሼም አልሰጠኋት። በዚያን ቀን ሥራዬን በሚገባ እንደ ሠራሁ ሰው ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ2016 ዓ.ም. በካዛንቺስ፥ ጎረቤታችን ዐርፎ ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ጐልማሳ ሴት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝና «ጋሼ፥ ያቺን መጽሐፍ ጨረሷት?» አለችኝ። የትኛዋን ብዬ ብጠይቅ ሁሉን አስታወሰችኝ። እናቷ በዚያን ጊዜ ታማ አልጋ ላይ ነበረች፤ ፊደል አልቈጠረችም። ልጅቱ ማታ ማታ በኩራዝ እያነበበች ታሰማት ነበር። በክፍል ውስጥ ተደብቃ የምታነበው አስቀድማ ለማወቅ ነበር፤ የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ስትደርስ በእናቷ ፊት እንዳታለቅስ። መጽሐፉ ስላልተመለሰ ባለ ሱቁ መያዣዋን ወረሰው፤ ሌላም አላከራይሽም አላት። «እማዬ ከሞት አልጋዋ ላይ ሆና ልጅቱ ምን ሆነች እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ መጨረሻውን ስለማላውቅ ከራሴ ፈጠርሁና አገባችው አልኋት» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ አልተቈጣችም፤ ብትቈጣ ይቀለኝ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የእኛም ቤት ተነካ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ዕቃችንን በካርቶን ስናስር ከድሮ የፈተና ወረቀት መካከል ያቺ ሽፋን የሌላት መጽሐፍ ወጣች። በአዲሱ ቤት ገና መጋረጃ ሳንሰቅል፥ በመጀመሪያው ሌሊት ከዳር እስከ ዳር አነበብኋት። ደራሲው ታላቅ ደራሲ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩ ይንዛዛል፥ ዕንባውም ይበዛል። ነገር ግን ደስ አለኝ! ገጽ ለመግለጥ ተጣደፍሁ፤ የሁለት ወጣቶች ደብዳቤ ይደርስ ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ፤ ሊነጋ ሲል አለቀስሁ። መጨረሻው ልጅቱ ለእናቷ ከፈጠረችው ይልቅ መራራ ነበር። በማግሥቱ ሰው አጠያይቄ መጽሐፉን ለባለቤቷ መለስሁላት። ለእናቷ የምመልሰው ግን የለኝም።

እንግዲህ ሙግቴን ልጀምር። የፍቅርንና የሚያስፈራን ታሪክ የሚንቁ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ።

አንደኛ፥ «የፍቅር ታሪክ ወጣቱን ያበላሻል» ይላሉ። እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን በአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ የትኛው ነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፥ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው ነው። በእርሱም አንዲት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሰደዳለች፤ ንጉሥም ይወዳታል። የልብ ወለዳችን በር የተከፈተው በፍቅር ቍልፍ ነው ማለት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ባላባትና ስለ ገባር፥ ስለ ዘር ትምክሕትና ስለ ግፍ የተናገረው ብዙ ነው። ያን ሁሉ በደረቅ ጽሑፍ ቢያቀርቡት ኖሮ ጥቂት ሰዎች አንብበው በመደርደሪያ ያስቀምጡት ነበር። የድኻው ልጅ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ስለ ወደደ ግን ግፉ በአንባቢው ልብ ውስጥ ገባ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበውም ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ ሰማው። በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ የጦርነቱን ነገር የተረከልን ፍቅርን ከመካከሉ አድርጎ ነው። እኛ የሃይማኖት ትምህርት የተማርን ሰዎችስ ያዕቆብ ለራሔል ሲል ዐሥራ አራት ዓመት ማገልገሉን፥ መኃልየ መኃልይም ከቅዱሳት መጻሕፍት መካከል መቈጠሩን እንዴት ረሳነው?

ሁለተኛ፥ «የሚያስፈራ ታሪክ ከንቱ ነው፤ ፍርሃትን ያሳድራል» ይላሉ። ይህን የሚሉት በቂርቆስ ሰፈር ተቀምጠው ነው! ሰፈሩ የተጠራበት ሕፃን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ ወደ ፈላ ውኃ የተጣለው ነው፤ ሐምሌ 19 ቀን ሕዝቡ የሚሰበሰበው መልአኩ ከዚያ ድስት ያዳናቸው መሆኑን ለማሰብ ነው። በየካቲት 16 ቀንም ሰባ ስምንት ሰው ስለ በላው ስለ በላዔ ሰብእ፥ በጥርኝ ውኃም ስለ መዳኑ ይሰማል። ሳኦልም ከመሞቱ በፊት በሌሊት ወደ መናፍስት ጠሪዋ ሴት መሄዱ ተጽፏል። ገድልንና ቅዱስ መጽሐፍን ከልብ ወለድ ጋራ ማስተካከሌ አይደለም። የምለው አባቶቻችን ሰውን ለማስተማር ሲፈልጉ ከሚያስፈራ ነገር አልሸሹም ነው። አያቶቻችንስ በምድጃ ዳር ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ ሲያወሩልን ከጉያቸው ሆነን ፍርሃትን እንድንለማመድ አይደለምን? ልጅ ጅብን መጀመሪያ በተረት ቢያገኘው ይሻለዋል።

እኔ የዚያ ትውልድ ሰው ነኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ፥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ ልጆች ሳለን በዚህች ከተማ ጠዋት ስንወጣ ያየነውን አይተናል። ፍርሃትን እናውቃለን፤ ስለ ፍርሃት መናገር ግን አልተማርንም። ዝም ብለን አደግን፥ ዝም ብለን አረጀን። ባለፈው ዓመት ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ገዝቼ ባነበብሁ ጊዜ ለዚያ ዝምታ የመጀመሪያውን ቃል ያገኘሁ መሰለኝ። ሴቲቱ ይህን ታሪክ በ1816 በአውሮፓ አቈጣጠር ስትጀምረው ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ መጽሐፉም በ1818 ወጣ። አንድ ወጣት ሊቅ ከሙታን ብልት ሰው መሳይ ፍጥረት ይሠራል፤ ዓይኑን ሲከፍት ግን መልኩን ጠልቶ ይሸሻል። የተተወው ፍጥረት ተደብቆ የሰውን ንግግር ይማራል፤ ከጫካም ሦስት መጻሕፍት ያገኛል። አንዱ ስለ አዳም ውድቀት የተገጠመ፥ አንዱ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ፥ አንዱም የጌተ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ልብ በሉ፤ ደራሲዋ ለዚያ ምስኪን ሰው መሆንን ስታስተምር የሃይማኖቱንና የታሪኩን ብቻ አልሰጠችውም፤ የፍቅሩንም ጨመረችለት።

እዚያ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍሁት። ሠርቶ የሸሸው ሊቅ እኔ ነበርሁና። ልጅቱን ማንበብ ያስተማርናት እኛ መምህራን ነን፤ ማንበብ በጀመረች ጊዜ የምታነበውን ጠልተን የሸሸነውም እኛው ነን። ጭራቁ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም፤ ጠመኔ ይዞ ከክፍሉ ፊት ቆሞ ነበር።

ሦስተኛ፥ «ጊዜ ያባክናል» ይላሉ። እስኪ ይህን የሚሉትን ሰዎች ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉ ተመልከቷቸው! በየካፌው ስለ ሰው ትዳር ሲያወሩ ይውላሉ፤ የጎረቤታቸውን ውድቀት ሲሰሙ ጆሮአቸው ይቆማል። የፍቅርንም የሚያስፈራንም ወሬ ይወዳሉ ማለት ነው፤ የሚጠሉት በመጽሐፍ ሲሆን ብቻ ነው። ሐሜት ግን ሕያው ሰውን ይጐዳል፤ ልብ ወለድ ማንንም ሳይጐዳ የሰውን ልብ ያሳያል።

ነገር ግን ሁሉ መልካም ነው አልልም። በፍቅር ስም ሥጋዊ ምኞትን ብቻ የሚቸረችር መጽሐፍ አለ፤ እርሱ ፍቅርን አያውቀውምና ይሰለቻል። በፍርሃት ስምም ጎረቤትን ቡዳ ነው፥ ሸክላ ሠሪዋን ሰው ትበላለች የሚያሰኝ ወሬ አለ፤ ይህ በአገራችን ስንቱን ቤተ ሰብ ከእድርና ከማኅበር አስወጥቷል። መለያው ይህ ነው፤ መልካሙ አስፈሪ ታሪክ በራስህ ውስጥ ያለውን ጨለማ ያሳይሃል፤ ክፉው ግን ጣትህን ወደ ጎረቤትህ ያስቀስርሃል። እንዲህ ያለው ክፉ መጽሐፍ ደግሞ በታሪክና በምክር መጻሕፍትም መካከል ሞልቷል። ስለ ጥቂቱ እንክርዳድ ስንዴውን ሁሉ አናቃጥልም።

ስለዚህ ልጆቼ፥ ይህን ብቻ እለምናችኋለሁ። ታሪክ የምትወዱ የፍቅር መጽሐፍ አንሡ፤ ፍቅር የምትወዱ የሚያስፈራውን አንሡ፤ ሁለቱን ብቻ የምታነቡም ታሪኩን አንሡ። አንድ ጊዜ ከጀመራችሁ በመጀመሪያው ገጽ አትፍረዱበት፤ የማያውቁት አገር ቋንቋው እስኪለመድ ድረስ ይጐረብጣል። ደስ ካላችሁም አትፈሩ፤ ሽፋኑን በጋዜጣ አትሸፍኑ። ከሁሉም በላይ የሌላ ሰው መጽሐፍ አይታችሁ አትሣቁ፤ ያ ሰው መጽሐፉን ለማን እንደሚያነበው አታውቁምና።

እኔ ዘግይቻለሁ። ከካዛንቺስ ያመጣኋቸው መጻሕፍት በአዲሱ ቤት መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል፤ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ በየተራቸው ቆመዋል። ከመካከላቸው ግን አንዲት ቀጭን መጽሐፍ የምታህል ክፍት ቦታ ትቻለሁ። ልጅ ልጄ ምን እንደሚቀመጥባት ስትጠይቀኝ «አንቺ የምትወጂውን አምጪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን» አልኋት። ነገ ይዛ እመጣለሁ ብላለች፤ የጭራቅ ታሪክ ነው አሉ።