ስለ ስኳር ደዌ አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ

ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመም ሲያስጨንቀው ነው። የስኳር ደዌ ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ሥቃይ ተሸሽጎ ይኖርና ዐይንንና ኵላሊትን ከጐዳ በኋላ ይገለጣል።

በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ሲደርስና ተደግሞ ሲረጋገጥ ደዌው ገብቷል ይባላል። የአሜሪካ ሐኪሞች ከ100 እስከ 125 ያለውን ቅድመ ስኳር ይሉታል፤ ይኸውም ገና የመመለሻ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፤ በዚህ ደረጃ ያሉ ሰዎች ክብደት ቀንሰው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ቢራመዱ፤ ወደ ደዌው የሚደርሱት በ58 በመቶ እንደሚቀንሱ አስረድቷል።

ስለዚህ ሹማምንት በየጤና ጣቢያው መለኪያው እንዳይጐድል ሊተጉ፤ ካህናትም የንስሐ ልጆቻቸውን ተመርመሩ ብለው ሊመክሩ ይገባል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፤ ጸበል ገብቻለሁ ብሎ መርፌውን ቢያቋርጥም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልል፤ ጸበልና መድኃኒትም እንደማይጣሉ የነፍስ አባት ቢነግረው፤ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ፈጥኖ ይሰማዋል።