የምጣዱ ሶኬት
በአዲስ አበባ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ሲመረመር ባየሁ ቁጥር በኅሊናዬ የሚመላለሰው ነገር፣ መርማሪው ቆጣሪውንና ማኅተሙን አትኩሮ ከተመለከተ በኋላ እንጀራ ወደሚጋገርበት ጓዳ ሳይገባ መሰናበቱ ነው። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አብልጦ ኃይል የሚስበው ግን ምጣዱ ነው፤ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል በሽቦው ስለሚያልፍ፣ ለመብራት ከተዘረጋው ቀጭን መስመር ላይ በጥምዘዛ ብቻ ተቀጥሎ እንደ ሆነ፣ ትኩሳቱ የሽቦውን ልባስ እያደረቀ፣ ነጭ የነበረውን የሶኬት ገጽ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ እያደረገ፣ ምስክርነቱን በግልጥ ይሰጣል፤ የላስቲኩንም ሽታ ጋጋሪዋ ከጊዜ ብዛት ትለምደዋለች። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሳዝነው፣ ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ በምትኩ የመዳብ ክር ጠምዝዞ የማሰሩ ልማድ ነው፤ ፊውዝ ስለ ቤቱ ደኅንነት ራሱን መሥዋዕት አድርጎ የሚቀልጥ ዘበኛ ሆኖ ሳለ፣ ወፍራሙ መዳብ አልቀልጥም ብሎ፣ እሳቱ በጭቃውና በእንጨቱ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው ሽቦ እንዲዞር ያደርጋልና። እንግዲህ በእኔ ፍርድ፣ ምርመራ የሚለው ስም የሚገባው፣ መርማሪው ምጣዱ በጋለበት ሰዓት መጥቶ የሶኬቱን ትኩሳት ሲለካ፣ የማከፋፈያውን ሣጥን ከፍቶ የፊውዙን ዓይነት ሲያይ፣ ጋጋሪዋንም ስለ ሽታው በትሕትና ሲጠይቃት ነው፤ የመሬት ሽቦው ከምጣዱ ብረት ጋር መያያዙን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይፈትን፤ ያንን ብረት ዘወትር የሚነካው ሊጥ ያረጠበው እጅ ነውና።