የስንብት ንግግር ምስክርነት ነው

ከመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንዱ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር ወይም የአገልግሎት ዘመኑን ፈጽሞ ጡረታ ሲወጣ፥ የሥራ ጓደኞቹ ተሰብስበው፥ ገንዘብ አዋጥተው፥ ማስታወሻ የሚሆን ዕቃ ገዝተው፥ አንዱ ተነሥቶ ስለ እርሱ ጥቂት ቃል እንዲናገር ማድረጋቸው የተመሰገነ ልማድ ነው። ከዚህ ሁሉ ግን ለተሰናባቹ የሚቀርለት ቃሉ ነው። ግብዣው በአንድ ማታ ያልቃል፤ የተሰጠው ሰዓትም አንድ ቀን ይቆማል፤ በባልደረቦቹ ፊት የተነገረለት ነገር ግን እስከ ልጆቹ ይደርሳል።

ዳሩ ግን በብዙ ስፍራ እንደሚሰማው፥ ንግግሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የሚሄደው ሁሉ «ትጉህ፥ ቅን፥ ለሁሉ አባት፥ የመሥሪያ ቤቱም ምሰሶ» ይባላል። ማልዶ ገብቶ የባለጉዳዩን ወረቀት በዕለቱ ሲፈጽም የኖረውም፥ «ነገ ተመለስ» እያለ ሰውን ሲያመላልስ የኖረውም በአንድ ሚዛን ይመሰገናሉ። ይህ ቸርነት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የትጉሁን ዋጋ ወስዶ ለሰነፉ ማደል ነው። በግብዣው ላይ የተቀመጠው ወጣት ጸሓፊም ቢተጋም ባይተጋም መጨረሻው ያው ምስጋና መሆኑን ይማራል። ነጋዴውም መማለጃ ሲቀበለው የኖረ ሹም «እጀ ንጹሕ» ተብሎ ሲመሰገን የሰማ እንደ ሆነ፥ ከዚያች ማታ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ሌላ ቃል፥ ማስታወቂያውንም ሆነ ደረሰኙን፥ በምን ልብ ያምናል?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ12ኛው ምዕራፍ የሚነበበው ስንብት ለዚህ ጉዳይ መልካም ሚዛን ይሆናል። ነቢዩ ሳሙኤል ሸምግሎ አገዛዙን ለንጉሡ ለሳኦል ሲለቅ፥ ከሕዝቡ የጠየቀው ምስጋና አልነበረም፤ የማንን በሬና የማንን አህያ እንደ ወሰደ፥ ማንን እንደ በደለ፥ ከማንስ እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ በፊቱ እንዲመሰክሩበት ጠየቀ። ሕዝቡም ማንንም እንዳልበደለና ከማንም እጅ አንዳች እንዳልወሰደ መሰከሩለት። ለተሰናባች ሹም ከተነገረ ንግግር ሁሉ ከዚህ ያጠረና ከዚህ የከበረ ማግኘት ያስቸግራል። በውስጡ አባትም ምሰሶም የለም፤ ያለው በሬና አህያ ነው።

የንግግርን ክብደት ለመለካት የሚበጅ ሌላም መንገድ አለ። ኤርትራ ከ1945 እስከ 1955 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን፥ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ትግርኛንና ዐረብኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ደንግጎ ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ በንግዱም ዘንድ ጣልያንኛ ገና አልተተወም ነበር። እንዲህ ባለ አገር የሚነገር ቃል በአስተርጓሚ አፍ ማለፉ አይቀርም። አስተርጓሚውም «የመሥሪያ ቤታችን ፀሐይ» የሚለውን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲያሻግረው በእጁ የሚቀረው ነፋስ ነው። «መርከብ በገባ ቀን ከንጋት በፊት ቢሮውን ይከፍት ነበር፤ ከነጋዴ የተቀበለው ሰነድ ጠፍቶበት አያውቅም» የሚለው ግን በአራቱም ቋንቋ ያው ነው፤ ሲገለበጥ አንዳች አይጎድልበትም። ለሽኝት የሚነሣ ተናጋሪ ሁሉ ቃሉን አስቀድሞ በዚህ ወንፊት ቢነፋው ይጠቀማል።

«የስንብት ቀን የፍርድ ቀን አይደለም፤ ሰውን በደስታ መሸኘት ይገባል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ተሰናባችን በጉባኤ መካከል መውቀስ ነውር ነው። ነገር ግን ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ተናጋሪው በሹመቱ ከፍታ ሳይሆን ከተሰናባቹ ጋር አብሮ በመሥራቱ ቢመረጥ፥ ከሥራውም የታወቀውን አንድ ወይም ሁለት ነገር ቢያነሣ፥ ወጣቶቹ ከእርሱ የተማሩትን ቢጠቅስ፥ የጀመረውንም ማን እንደሚፈጽመው ቢናገርና በአጭሩ መርቆ ቢቀመጥ ይበቃል። በደካማው ሠራተኛ ዘንድ እንኳ አንድ እውነተኛ መልካም ነገር ፈልጎ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይገድም፤ ያም ከአሥር የተፈጠረ ምስጋና ይበልጣል። ባይገኝም ጤናና መልካም መንገድ መመኘት ከሐሰት ይሻላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ የተሰናባቹን ሥራ ቀን ይገልጠዋል። ተናጋሪው ሊያስበው የሚገባ ግን አንድ ሌላ ሰሚ አለ፤ ይኸውም የሚሄደውን ሰው ወንበር የሚወርሰው ሰው በዚያው ጉባኤ ተቀምጦ ያዳምጣል። ስለ ቀዳሚው የተነገረው እውነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ለእርሱ የሥራ ትእዛዝ ይሆንለታል፤ ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ግን ፈቃድ ይሆንለታል።